የባዮሎጂ ተማሪዎች በዳታ ትንተና ኢንተርንሽፕ ላይ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ፒፔት የለመደ እጅ በድንገት ኮድ ጻፍ ሲባል መደንገጡ አይቀርም። ከባድ የምላቸው ስህተቶች ግን ኮድ ካለመቻል የሚመጡ አይደሉም። ላብራቶሪ ውስጥ የነበረውን ጥንቃቄ ኮምፒውተር ፊት ሲቀመጡ ከመርሳት ነው የሚመጡት።

ጥሬ ዳታን በኤክሴል ከፍቶ ሴቭ ማድረግ። ይህን ያስቀደምኩት ጉዳቱ ቶሎ ስለማይታይ ነው። ማርች1 (MARCH1) እና ሴፕት2 (SEPT2) የሚባሉ የሰው ጂኖች ነበሩ። ኤክሴል ስማቸውን ሲያይ ቀን ይመስለውና ቅንብሩ ካልተቀየረ በራሱ ወደ ቀን ይለውጠዋል። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ጥናት፣ የጂን ዝርዝር በኤክሴል ካያያዙት ጽሑፎች አንድ አምስተኛ ያህሉ እንዲህ ዓይነት ስህተት እንዳለባቸው አሳይቷል። በ2020 የጂን ስም የሚያጸድቀው ኮሚቴ ስሞቹን ራሳቸውን እስከመቀየር ደረሰ፤ ሴፕት2 ሴፕቲን2 ተባለ። ስለዚህ ጥሬውን ፋይል ለብቻው አስቀምጡና እንዳይነካ ቆልፉት። ማስተካከያውን ሁሉ በስክሪፕት (በተጻፈ ኮድ) ሥሩ። ያኔ ምን እንደተቀየረ ማንም ሰው ማየት ይችላል።

ናሙናው እንዴት እንደተሰበሰበ አለመጠየቅ። የታማሚዎቹ ናሙና በሙሉ ሰኞ፣ የጤነኞቹ ሐሙስ ተሠርቷል እንበል። የምታዩት ልዩነት የበሽታው ይሁን የቀኑ በምን ታውቃላችሁ? እንዲህ የተደበላለቀን ነገር የትኛውም ሶፍትዌር አይለየውም። እዚህ ላይ ነው የባዮሎጂ ተማሪ ከፕሮግራመሩ የሚሻለው። ላብራቶሪ ውስጥ ምን ሊበላሽ እንደሚችል ታውቃላችሁና ኮድ ከመክፈታችሁ በፊት ጠይቁ። ማን ሠራው? መቼ? በየትኛው ኪት?

በፒ ቫልዩ ቶሎ መደሰት። ፒ ቫልዩ እውነተኛ ልዩነት ባይኖር ኖሮ ያየነውን ያህል ልዩነት በአጋጣሚ የማግኘት ዕድል ነው፤ ብዙ ጊዜ ከ0.05 ካነሰ «ልዩነት አለ» ይባላል። 20,000 ጂኖችን እያንዳንዳቸውን በ0.05 ብትፈትኑ፣ ምንም ልዩነት ባይኖር እንኳ 1,000 ያህሉ በአጋጣሚ ብቻ «ልዩነት አለ» ይሏችኋል። የቤንጃሚኒ-ሆክበርግ ማስተካከያ የተሠራው ለዚህ ነው። አር (R) በተባለው የዳታ ትንተና ፕሮግራሚንግ ቋንቋ አንድ መስመር ብቻ ይበቃዋል።

የፋይሎችን አቆጣጠር አለማየት። በጂኖም ላይ ያሉ ቦታዎችን የሚመዘግበው ቤድ (BED) ፋይል ከ0 ይቆጥራል፣ የዲኤንኤ ልዩነቶችን የሚመዘግበው ቪሲኤፍ (VCF) ከ1። ሳታስተካክሉ ካቀላቀላችኋቸው መነሻ ቦታው ሁሉ በአንድ ቤዝ (በአንድ የዲኤንኤ ፊደል) ይዛነፋል። ፋይሎቹ የተመሠረቱበት የማጣቀሻ ጂኖም ቨርዥንም አንድ መሆኑን አረጋግጡ።

«ፋይናል»፣ «ፋይናል2» እያሉ ማስቀመጥ። የፋይል ለውጦችን ታሪክ የሚመዘግበውን ጊት (Git) የተባለ ፕሮግራም በመጀመሪያው ሳምንት ተማሩ። ለመነሻ ሦስት አራት ትእዛዝ ይበቃል።

ከአንድ ኤረር ጋር ለቀናት ብቻን መታገል። ብዙዎች አላዋቂ እንዳይባሉ ዝም ይላሉ። ይህ በጣም ያሳዝነኛል፤ ኢንተርንሽፑ ራሱ የመጠየቂያ ጊዜ ነውና። አንድ ሰዓት ሞክሩ፣ ካልሆነ ጠይቁ። ያስኬዳችሁትን ትእዛዝ፣ የጠበቃችሁትን ውጤትና የኤረሩን መልእክት ሙሉውን ላኩ። በፎቶ ሳይሆን ጽሑፉን ኮፒ አድርጋችሁ ይሁን፤ የሚረዳችሁ ሰው ራሱ ሊሞክረው ይችላል።