አዲስ ቤት ገብታችሁ ቲቪው እምቢ ሲላችሁ፦ ችግሩ የሰርቪሱ ነው የቤቱ?

ቤት በቀየርን ሰሞን ዕቃው ከካርቶን ሳይወጣ ነው የአንድ አመት የዲሽ ፓኬጅ የከፈልነው፣ ልጆቹ ቲቪ ቲቪ ስላሉ። ሊተክል የመጣው ልጅ ጣራ ላይ ወጥቶ ትንሽ ቆየና «ጎረቤት ያለው ፎቅ ከልሎታል፣ እዚ ቤት አይሰራም» ብሎን ወረደ፣ የከፈልነውም አልተመለሰም፣ ውሉ ላይ ተጽፏል ተባልን። ከዛ ወዲህ ቤት ለቀየረ ሰው ሁሉ የምለምነው አንድ ነገር ነው፣ ለሰርቪስ ከመክፈላችሁ በፊት ቤቱ የትኛውን እንደሚቀበል እዩ። «ይሄ ሰርቪስ አይረባም» ከሚባለው ውስጥ ብዙው እኮ የጣራው ወይ የግድግዳው ወይ የሽቦው ችግር ነው።

እስኪ በምልክቱ እንሂድ።

ስትሬንግዝ ሞልቷል፣ ኳሊቲ ዜሮ ነው

ሪሲቨሩ ሲግናል ሜኑ ላይ ሁለት መስመር ይታያል፣ ስትሬንግዝ (ጉልበት) እና ኳሊቲ (ጥራት)። ብዙ ሰው ስትሬንግዙን አይቶ ሲግናል አለ ብሎ ያስባል። ስትሬንግዝ ማለት ኬብሉና ኤልኤንቢው (ዲሹ ፊት ለፊት የሚታሰረው ሲግናል ተቀባይ) ይሰራሉ ማለት ነው በቃ፣ ዲሹ ባዶ ሰማይ እያየም ሊሞላ ይችላል። ሳተላይቱን ማግኘታችሁን የሚነግራችሁ ኳሊቲ ነው። ኳሊቲው ዜሮ የሚሆንበት ምክንያት ሁለት ነው፣ ወይ ዲሹ ሌላ አቅጣጫ ያያል ወይ ፊቱ ላይ የቆመ ነገር አለ። ሳተላይቶቹ ከምድር ወገብ በላይ ወደ 36 ሺ ኪሎሜትር ርቀት ላይ ነው ያሉት፣ ከዛ የሚመጣው ሲግናል በጣም ደካማ ስለሆነ ግድግዳ ቀርቶ ቅጠል የበዛበት ዛፍ ይከልለዋል። መፍትሄው፣ ከመክፈላችሁ በፊት ዲሹ የሚቆምበት ቦታ ላይ ቁሙና የሳተላይት አቅጣጫ በካሜራ የሚያሳይ አፕ ስልካችሁ ላይ ጭናችሁ ወደ ሰማይ ተመልከቱ፣ ዛፍ ካለ ሲያድግ የት እንደሚደርስም አስቡ። ክፍት ከሆነ ዲሹን በጣም በቀስታ አዙሩ፣ ባለ 90 ሳንቲሜትር ዲሽ ሁለት ዲግሪ እንኳን ከዞረ ሲግናሉ ሊጠፋ ይችላል፣ ሪሲቨሩም ሲግናሉን ለመያዝ (ሎክ ለማድረግ) ሰከንዶች ስለሚፈልግ ነካ አድርጋችሁ ጠብቁ። ከፊት የነበረው ተከራይ ትቶት የሄደው ዲሽ ካለ ደግሞ እሱ ይጠቀም የነበረው ሳተላይት እናንተ ከምትፈልጉት ጋር አንድ መሆኑን አጣሩ።

ግማሹ ቻናል አለ ግማሹ የለም

ሰው በከንቱ ሪሲቨር የሚቀይረው እዚ ጋር ነው። ቻናሎቹ በሁለት አይነት ሞገድ ነው የሚመጡት፣ ቨርቲካል (V) እና ሆሪዞንታል (H)። ሪሲቨሩ ለኤልኤንቢው በኬብሉ ውስጥ መብራት ይልካል፣ ቨርቲካል ቻናል ሲፈልግ 13 ቮልት፣ ሆሪዞንታል ሲፈልግ 18 ቮልት። አዲሱ ቤት ውስጥ ኬብሉ ከረዘመ፣ ቀጭን አሮጌ ከሆነ ወይ ጫፉ ላይ ያለው ኮኔክተር ውሃ ገብቶበት ከዛገ 18ቱ መንገድ ላይ ይቀንስና ሆሪዞንታሎቹ ብቻ ይጠፋሉ። የጠፉትን ቻናሎች ኢንፎ እያያችሁ ፍሪኩዌንሲያቸውን (የቻናሉን ቁጥር) ከጎኑ ካለው V ወይ H ጋር ወረቀት ላይ ጻፉ። ሁሉም ሆሪዞንታል ከሆኑ ኮኔክተሩን ቆርጣችሁ በአዲስ ስሩ፣ በዛ ካልተፈታ ኬብሉን በወፍራሙ 75 ኦም ኬብል ቀይሩ። የሁሉም ፍሪኩዌንሲ ከ11700 በላይ ከሆነ ሴቲንግ ውስጥ 22 ኪሎኸርዝ የሚለውን ወይ የኤልኤንቢውን አይነት እዩ፣ ዩኒቨርሳል ኤልኤንቢ ከሆነ እዛ የሚሞላው ቁጥር 9750 እና 10600 መሆን አለበት። የጠፉት ኤችዲዎቹ ብቻ ከሆኑስ? ያኔ ብዙ ጊዜ ሪሲቨሩ አሮጌ ነው፣ ዲቪቢ ኤስ 2 የሚባለውን አዲሱን የሳተላይት ስርጭት አይነት አያነብም፣ እንደዛ ከሆነ ዲሹን ብታዞሩት አይመጣም፣ ሪሲቨሩ ነው የሚቀየረው።

መኝታ ቤት ሁለተኛ ቲቪ ሲጨመር ቻናል ይጠፋል

ኬብሉ በተራ ስፕሊተር ለሁለት ስለተከፈለ ነው። አንዱ ሪሲቨር 13 ሌላው 18 ሲጠይቅ ኤልኤንቢው አንዱን ብቻ ነው የሚሰማው። ሁለት መውጫ ያለው ኤልኤንቢ ግዙና ለየቲቪው የራሱን ኬብል ሳቡ።

ከባድ ዝናብ ሲመጣ ከጠፋ የተለመደ ነው፣ በትንሽ ካፊያም ከጠፋ ግን ኳሊቲው ድሮም ድንበር ላይ ስለነበር ነው፣ ዲሹን አስተካክሉ ወይ ሰፋ ያለ አድርጉ። በመጋቢትና በመስከረም አካባቢ ለተወሰኑ ቀናት በተመሳሳይ ሰዓት ለጥቂት ደቂቃ የሚጠፋ ካለ ጸሐይ ከሳተላይቱ ጀርባ ስለምትመጣ ነው፣ ምንም አትንኩ።

በኢንተርኔት የሚታየው ይቆማል፣ ይሽከረከራል

ፎቁ የከለለን ሰዎች መጨረሻ የሄድነው ወደዚ ነው፣ እዚም ግን ቤቱ ራሱ ይወስናል። ስፒድ ቴስት የሚሰራው ራውተሩ አጠገብ ተቁሞ ከሆነ ዋጋ የለውም፣ ቲቪው የሚቀመጥበት ቦታ ላይ፣ ደግሞ ማታ ሰው ሁሉ ቤቱ ገብቶ በሚያይበት ሰዓት ነው መለካት ያለበት። ለኤችዲ በሰከንድ 5 ሜጋቢት ገደማ፣ ለፎርኬ ደግሞ 15 እስከ 25 ሳይዋዥቅ የሚቆይ ያስፈልጋል። ራውተሩ ጋር 30 እያለ ቲቪው ጋር 4 ካለ ጥፋተኛው ግድግዳው ነው፣ ፈጣን ፓኬጅ ብትገዙ ለውጥ የለውም። ራውተሩን ወደ መሃል አምጡ፣ ቅርብ ከሆነ የዋይፋዩን 5 ጊጋኸርዝ ተጠቀሙ፣ ግድግዳ ከበዛ 2.4ቱ ይሻላል፣ ከተቻለ ግን ኬብል ዘርጉና ሰኩት፣ እኛ ቤት ማቆራረጡን የፈታው እሱ ነው። ሁለቱም ቦታ ላይ ማታ ማታ ብቻ ከወረደ ደግሞ መስመሩ ተጨናንቋል ማለት ነውና ያንን አቅራቢውን ጠይቁት። ኢንተርኔቱ በጊጋ የሚቆጠር ከሆነም አስሉ፣ በ5 ሜጋቢት አንድ ሰዓት ማየት 2.25 ጊጋ ነው፣ በቀን ሶስት ሰዓት ቢታይ በወር ከ200 ጊጋ ያልፋል።

ጎረቤት ጎል ብሎ ጮሆ እናንተ ጋር ኳሱ ገና መሃል ሜዳ ነው

ይሄ ብልሽት አይደለም። በኢንተርኔት የሚመጣ ቀጥታ ስርጭት ተቆራርጦ ተጠራቅሞ ስለሚላክ ግማሽ ደቂቃ ሊዘገይ ይችላል፣ ዲሽና አንቴና ከሱ ይቀድማሉ። ኳስ ለቤቱ ትልቅ ነገር ከሆነና ሰማዩ ክፍት ከሆነ ዲሹን ምረጡ፣ ፊልምና ተከታታይ ብቻ ከሆነ ግን ኢንተርኔቱ ይበቃል። ሌላው ሰው የሚረሳው አንቴና ነው፣ የማሰራጫ ማማው ቅርብ ከሆነ ትንሽ አንቴና መስኮት አጠገብ አድርጋችሁ የቲቪውን ሰርች ሞክሩ፣ ለነጻ ቻናሎች ወርሃዊ ክፍያ የለውም።

ግድግዳው ላይ የቲቪ ሶኬት አለ ግን ምንም አይሰጥም

ሶኬት ስላለ መስመር አለ ማለት አይደለም፣ ከኋላው ኬብሉ ተቆርጦ ወይ ማከፋፈያው ጋር ሳይሰካ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። የቤቱን ባለቤት ሌላኛው ጫፍ የት እንደሚወጣ ጠይቁት፣ ጣራ ላይ ወይ ውጪ ግድግዳ ላይ መብሳት ይፈቀድ እንደሆነም ያኔውኑ አንሱት።

ይሄን ሁሉ አይታችሁ ስትጨርሱ ወደ ውሉ ሂዱ። ወር በወር የሚከፈል ካለ በሱ ጀምሩ፣ በዝናብም በማታም እዩት። የአመት ብቻ ከሆነ ከመፈረማችሁ በፊት ለሶስት ጥያቄ በጽሁፍ መልስ ተቀበሉ፦ ተከላው ካልተሳካ ገንዘቡ ይመለሳል ወይ፣ ሪሲቨሩ የማን ነው፣ እንደገና ቤት ብቀይር ምን ይሆናል።