መጀመሪያ ሚዛን ግዙ፦ ባለ አንድ መቀመጫ አልትራላይት ኪት አሠራር

አልትራላይት፣ ማለትም በጣም ቀላል ትንሽ አውሮፕላን ነድፎ፣ ሌላ ሰው ቤቱ የሚገጣጥመው ኪት አድርጎ ማውጣት የሚፈልግ ሰው ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከሥዕል ነው። እኔም እንደዛው። ሥዕሉ አማረ፣ አውሮፕላኑ ግን ቦርጭ አወጣ። ቱቦውንም ማያያዣውንም "ለማንኛውም" እያልኩ ወፈር አደረግኩት። ያቺ "ለማንኛውም" 9 ኪሎ አስከፈለችኝ።

ብዙዎች የሚያልሙት የአሜሪካው የአልትራላይት ደንብ፣ ክፍል 103 (በ1982 እ.ኤ.አ. የወጣው) ደግሞ ቀልድ አያውቅም። ባዶ ክብደት ከ254 ፓውንድ በታች፣ 115 ኪሎ ገደማ ማለት ነው። ነዳጅ ከ19 ሊትር አይበልጥም። በሙሉ ጉልበት አግድም ሲበር ከ55 ኖት (102 ኪ.ሜ በሰዓት) ማለፍ የለበትም። ስቶል የሚያደርግበት ፍጥነት፣ ማለትም ክንፉ ማንሳት የሚያቅተው፣ ሞተሩ ጉልበት ሳይሰጥ ከ24 ኖት (44 ኪ.ሜ በሰዓት) በላይ መሆን የለበትም። ይህን ካሟላ የአብራሪ ፈቃድም ምዝገባም አይጠየቅበትም።

የክንፉን ስፋት የሚወስንላችሁ ይቺ 24 ኖት ናት። ሰውና ነዳጅ ጨምሮ 240 ኪሎ ከሆነ፣ ፍላፕ (በዝግታ ለመብረር ወደታች የሚዘረጋ የክንፍ ክፍል) ለሌለው ተራ የጨርቅ ክንፍ ወደ 16 ካሬ ሜትር ያስፈልጋል። ሞተሩ ከነጭስ ማውጫው፣ ከነማርሹና ከነፕሮፔለሩ 35 ኪሎ ከወሰደ የቀረችው 80 ኪሎ ናት። ክንፍ፣ ጅራት፣ ጎማ፣ ወንበር፣ ሁሉም ከእሷ ይካፈላል። ደብተር ያዙና እያንዳንዱን ዕቃ መዝኑ፣ ብሎኑንም ጭምር።

ቀጥሎ የስበት ማዕከል፣ ማለትም የአውሮፕላኑ ክብደት ሚዛን የሚጠብቅበት ነጥብ። አውሮፕላኑን በበረራ አቋሙ አስተካክሉና፣ ሰው አስቀምጣችሁ በሦስት ሚዛን መዝኑት። ለምሳሌ ግራና ቀኝ ጎማ 90፣ 90፣ የጅራቱ 20 ኪሎ አሳየ እንበል። የፊት ጎማዎቹ ከክንፉ የፊት ጠርዝ 5 ሳ.ሜ. ወደኋላ ናቸው፣ የጅራቱ 360 ሳ.ሜ.። 180 በ5፣ 900። 20 በ360፣ 7200። ድምሩ ለ200 ሲካፈል 40.5 ሳ.ሜ.። ክንፉ ከፊት ወደኋላ 150 ሳ.ሜ. ከሆነ 27 በመቶ ላይ ነው፣ ደህና ነው። ግን በጣም ቀላል ሰውም በጣም ከባድ ሰውም አስቀምጣችሁ ድገሙት፣ ኪቱን ማን እንደሚገዛው አታውቁማ። ማዕከሉ በጣም ወደኋላ ከሸሸ አውሮፕላኑ ለእጅ አይገዛም።

ስሌት ብቻውን ክንፍ አያቆምም፣ አሸዋ ጫኑበት። ከ240 ኪሎ ላይ የክንፎቹን 40 ቀንሱ። ክንፉ የቀረውን አራት እጥፍ መሸከም አለበት፦ 200 በ4፣ 800 ኪሎ። ክንፉን ገልብጣችሁ ስትጭኑ የራሱ 40 ኪሎም ወደታች ስለሚጫን፣ አሸዋው 760 ይበቃል። ወደ ሥሩ አብዙት፣ ወደ ጫፉ አሳንሱት። በዚህ ጭነት እንደተጠማዘዘ የሚቀር ነገር መኖር የለበትም። ብዙ ሰው የሚረሳው ግን ጭነቱ ላዩ ላይ እያለ አይለሮኑን፣ ማለትም አውሮፕላኑን ወደ ጎን የሚያዘነብለውን የክንፉን ተንቀሳቃሽ ክፍል፣ ማንቀሳቀስ ነው። የኔ ደርቆ ቀረ፤ ክንፉ ሲታጠፍ ገመዱ ማያያዣ ላይ ተጣብቆ ነበር። ከዛ በኋላ ወደ አንድ ተኩል እጥፍ ከፍ አድርጉትና ቢያንስ 3 ሰከንድ ሳይሰበር ይቁም።

የመጀመሪያ በረራ ጎህ ሲቀድ፣ ነፋስ በሌለበት፣ ረጅም ሜዳ ላይ ይሁን። ባለ ሁለት ምት ሞተር በማንኛውም ሰዓት ቀጥ ሊል ይችላል ብላችሁ ተነሱ። እንዲህ ያለ ቀላልና አየር የሚጎትተው አውሮፕላን ሞተሩ ሲጠፋ ፍጥነቱ በአንድ አፍታ ነው የሚያልቀው። አፍንጫውን ወዲያው ወደታች። ለማሰብ ጊዜ የለም።

ከበረረ በኋላ ነው ኪቱ የሚጀምረው፣ አድካሚው ሥራ እዚህ ነው። ቀዳዳዎቹን ራሳችሁ ብሱ። ብሎኖቹን በመመሪያው በየገጹ ሥራ ለይታችሁ በከረጢት አሽጉ። ከዚያ አውሮፕላኑን አይቶ ለማያውቅ ሰው መመሪያውን ስጡትና ዝም ብላችሁ ተቀመጡ። እውነት ዝም በሉ! እኔ ያስቀመጥኩት ወዳጄ የአይለሮኑን ክንድ ገልብጦ ገጠመው። የመሪውን ዱላ ወደ ግራ ሲያደርግ አውሮፕላኑ ቀኝ ለመታጠፍ ተዘጋጀ። ጥፋቱ የሱ አይደለም፣ ክንዱ በሁለቱም በኩል ይገባ ነበር። መመሪያው ላይ "ተጠንቀቁ" ብዬ ከመጻፍ ይልቅ አንዷን ቀዳዳ 1 ሳ.ሜ. አዛወርኳት፣ አሁን ቢፈልግም ገልብጦ መግጠም አይችልም።

መጨረሻ ላይ ደብተራችሁ ውስጥ 5 ኪሎ ባዶ ተዉ፣ ለማንም አትስጡት። ገዢው ቀለም ይቀባል፣ ትራስ ይጨምራል፣ የስልክ ማስቀመጫ ይገጥማል። እሱም የራሱ "ለማንኛውም" አለው።