የሞተርሆም ፍሳሽ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በሞተርሆም፣ ማለትም እንደ ቤት በሚታደርበት መኪና፣ ስለ መጓዝ ሲነሳ ሰው የሚያወራው ስለ ነፃነቱ ነው። መኝታም ወጥ ቤትም ይዞ መንቀሳቀስ፣ ደስ ያለው ቦታ ላይ ቆሞ ቡና ማፍላት። በመኪናው ሆድ ውስጥ ስለሚጠራቀመው ፍሳሽ ግን ነገሩ «ውሾን ያነሳ ውሾ» ነው። እኔም መጀመሪያ የተከራየሁ ጊዜ ቁልፉን ስቀበል የጠየቅሁት ስለ ነዳጅ ብቻ ነበር። ስለ ፍሳሹ መጠየቅ እንደነበረብኝ በኋላ በአፍንጫዬ ተረዳሁት።

ለጀማሪ ያህል፣ ፍሳሹ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ከእቃ ማጠቢያው፣ ከእጅ መታጠቢያውና ከሻወሩ የሚወርደው እጣቢ ነው፤ ተጓዦች «ግራጫ ውሃ» ይሉታል። ሌላው የሽንት ቤቱ ነው፣ «ጥቁር ውሃ»። ጥቁሩ በአንዳንድ መኪና ከሥር በተገጠመ ታንከር ይጠራቀማል። በሌላው ደግሞ ካሴት የሚባል፣ ሃያ ሊትር ገደማ የሚይዝ፣ በጎን በኩል ተስቦ የሚወጣ ሣጥን አለው። ስህተቶቹም ከሁለቱም ወገን ናቸው።

«እጣቢ እኮ ነው፣ ምን ያመጣል?»

በብዛት የምሰማው ይሄ ነው። የሽንት ቤቱን ሜዳ ላይ የሚደፋ ብዙ የለም፤ ሰው ያፍራል። የእጣቢውን መክፈቻ ማታ ከፍቶ የሚተኛ ግን ሞልቷል። ለመሆኑ ውስጡ ምን አለ? ዘይት፣ የምግብ ፍርፋሪ፣ ሳሙና፣ ሻምፑ፣ ፀጉር፣ ከገላ የወረደ ባክቴሪያ። ጥሬ ሥጋ የቆረጠው ቢላዋ የታጠበበትም፣ ዳይፐር የቀየረው እጅ የታጠበበትም ውሃ እዚያው ነው። ይህ ሁሉ ሙቀት ባለበት ታንከር ውስጥ አንድ ሁለት ቀን ሲቆይ ባክቴሪያው ይራባል። ሽታው አንዳንዴ ከሽንት ቤቱ ይብሳል፤ አጋነንኩ ብለው እንዳያስቡ።

ወንዝ ወይም ሐይቅ ዳር ሲፈስ ጉዳቱ ሌላ መልክ ይይዛል። በእጣቢው ውስጥ ያለው ፎስፎረስና ናይትሮጅን ለአልጌ ማዳበሪያ ነው። አልጌው ውሃውን ሸፍኖ ያድግና ይሞታል። ሲበሰብስ ደግሞ በውሃው ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ይጨርሰዋል፤ ዓሣው አየር ያጣል። የአንድ መኪና እጣቢ ብቻውን ሐይቅ አይገድልም ይባል ይሆናል። ልክ ነው። ግን እርስዎን ያማረዎት ቦታ ሌላውንም ያምረዋል፣ ሁሉም የሚቆመው እዚያችው ዛፍ ሥር ነው። መሬቱ በቅባት ይቆሽሻል፣ ዝንብና አይጥ ይሰበሰባል። ከዚያ የቦታው ባለቤት «ማደር ክልክል ነው» የሚል ሰሌዳ ይተክላል።

መፍትሔው የሚጀምረው ከእቃ ማጠቢያው ነው። ሳህኑንና መጥበሻውን ከማጠብዎ በፊት በሶፍት ይጥረጉትና ሶፍቱን ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ይጣሉ። የማጠቢያው ቀዳዳ ላይ ትንሽ ማጥለያ ያድርጉ። ሻወር ሲወስዱ እየሳሙኑ ውሃውን ይዝጉት። የቀረው በታንከሩ ይዞ ማስወገጃ ጣቢያ፣ ማለትም ለሞተርሆም ፍሳሽ የተዘጋጀ ማፍሰሻ ቦታ፣ መድረስ ብቻ ነው።

የዝናብ መውረጃውን የፍሳሽ መስመር አድርጎ መቁጠር

መንገድ ዳር ያለችው ፍርግርግ ታሳስታለች። ቱቦ ስላላት ፍሳሹ ተጣርቶ የሚሄድ ይመስላል። በብዙ ከተማ ግን የዝናብ ውሃ መስመርና የሽንት ቤት ፍሳሽ መስመር ለየብቻ ናቸው። የዝናቡ መስመር ምንም ሳይጣራ በቀጥታ ወንዝ ወይም ባሕር ውስጥ ይገባል። ፍርግርጉ ውስጥ ማፍሰስና ወንዙ ዳር ቆሞ መድፋት ልዩነታቸው ቱቦው መደበቁ ብቻ ነው።

«በተፈጥሮ የሚበሰብስ» የሚለውን ጽሑፍ እንደ ፈቃድ መውሰድ

እንዲህ የተጻፈበት ሳሙና ከሌላው ይሻላል፤ እኔም የምጠቀመው እሱኑ ነው። ነገር ግን ለመበስበስ አፈር ውስጥ ያሉ ረቂቅ ተሕዋስያን ያስፈልጉታል፣ ጊዜም ይፈልጋል። ወንዝ ውስጥ ሲገባ ሳሙና ነው፣ በቃ። በእግር የሚጓዙ ካምፐሮች የሚከተሉት የታወቀ ደንብ አለ፦ ማንኛውም እጣቢ ከውሃ ቢያንስ 60 ሜትር ርቆ፣ ተጠልሎ፣ በሰፊው ይረጫል። ያ ግን አንዲት ድስት ላጠበ ሰው ነው። መቶ ሊትር ታንከር ለያዘ መኪና አይሠራም።

የጥቁሩን ታንከር ቫልቭ ክፍት መተው

ይሄን ስህተት በራሴ ላይ አይቼዋለሁ። አንድ የካምፕ ቦታ ላይ የፍሳሽ መስመር እስከ መኪናው በር ድረስ ተዘርግቶ ነበር። ደስ አለኝ። ቱቦውን ሰካሁ፣ ቫልቩን ከፈትኩ፣ አራት ቀን ሙሉ ረሳሁት። በራሱ እየወጣ ነው ብዬ ተዝናናሁ። በራሱ የወጣው ግን ፈሳሹ ብቻ ነበር። ደረቁና ሶፍቱ ታንከሩ ውስጥ ቀርቶ ክምር ሠራ፣ ክምሩም ጠነከረ። ከዚያ በኋላ ያለውን ልተወው። ታንከሩን ውሃ ሞልቼ፣ እንዲናጥ ብዬ በጠመዝማዛ መንገድ ነዳሁ። ሌሊቱን አሳድሬ በማግስቱ ደገምኩት፣ ሦስተኛ ቀንም ጨመርኩ።

የጥቁሩ ቫልቭ መዘጋት አለበት፤ የሚከፈተው ለማፍሰስ ብቻ ነው፣ ያውም ታንከሩ ሁለት ሦስተኛ ያህል ሲደርስ። ያኔ ውሃው በኃይል ይወጣና ደረቁን ጠራርጎ ይሄዳል። ትንሽ ብቻ ካለ ውሃ ይጨምሩበት። ሁለቱም ታንከር ካለዎት ቅደም ተከተሉ ጥቁሩ መጀመሪያ፣ እጣቢው ቀጥሎ ነው። እጣቢው በሳሙናው ቱቦውን ያጥብልዎታል። ባፈሰሱ ቁጥር ታንከሩን ባዶ ሳይተዉ ጥቂት ሊትር ውሃ ይጨምሩ፣ የሚቀጥለው ነገር ከሥሩ እንዳይጣበቅ።

ሽታ ሲመጣ ኬሚካል ማብዛት

የሽንት ቤት ኬሚካሎች የሚሠሩት በሁለት መንገድ ነው። አንዳንዶቹ ባክቴሪያን ይገድላሉ፤ ፎርማልዴሃይድ ያለባቸው ከነዚህ ናቸው። ሌሎቹ ጠቃሚ ባክቴሪያ ወይም ኢንዛይም ይዘው ቆሻሻውን ያፈርሳሉ። ችግሩ ከመኪናው ከወጣ በኋላ ያለው ነው። ሴፕቲክ ታንክም ሆነ የፍሳሽ ማጣሪያ የሚሠራው በባክቴሪያ ነው። ገዳይ ኬሚካል የተደፋበት ትንሽ ሴፕቲክ ባክቴሪያው ይሞትና ሥራውን ያቆማል። ከከተማ ርቀው ያሉ ካምፖች ብዙዎቹ ያላቸው ይሄው ትንሹ ነው። ስለዚህ ከማፍሰስዎ በፊት ይጠይቁ፣ ሲገዙም ፎርማልዴሃይድ የሌለበትን ይምረጡ።

በረኪና ደግሞ ጨርሶ አይሞክሩ። ከሽንት ጋርም ሆነ ከአቼቶ ጋር ሲገናኝ መርዛማ ጋዝ ይፈጥራል፣ ጠባብ መኪና ውስጥ ደግሞ መሸሻ የለም። የጎማ ማሸጊያዎቹንም ይበላቸዋል።

እንዲያውም ብዙ ጊዜ ሽታው ከሽንት ቤቱ አይደለም የሚመጣው። ከሻወሩ ሥር ያለችው የታጠፈች ቱቦ ውሃ ይዛ ጋዙን ታግዳለች። መኪናው ቆሞ ሲሰነብት ውሃው ይደርቅና የእጣቢው ታንከር ሽታ ወደ ውስጥ ይነፍሳል። አንድ ጣሳ ውሃ ቢያፈሱበት ያልቃል። ለዚህ ነው እኔ ሳላውቅ አንድ ጠርሙስ ኬሚካል የጨረስኩት።

እርጥብ ሶፍት

ማሸጊያው ላይ «ሽንት ቤት ውስጥ ይጣላል» ቢልም አይጣሉት። እንደ ተራ ሶፍት በውሃ አይበታተንም። ቫልቩ ላይ ይጠመጠማል፣ ከዚያ የወጣው ደግሞ የጣቢያውን ቱቦ ይደፍናል። ቅባትም የሚሠራው ተመሳሳይ ጥፋት ነው፤ የታንከሩን መለኪያ ስለሚሸፍነው ባዶውን ታንከር «ሙሉ» ያሰኘዋል።

አንድ የውሃ ጎማ ለሁለት ሥራ

እዚህ ላይ ቀልድ የለም። ማስወገጃ ጣቢያ ላይ ብዙ ጊዜ ሁለት ቧንቧ አለ፤ አንዱ ለመጠጥ ውሃ፣ ሌላው ካሴትና ቱቦ ለማጠብ። ይዩና ይለዩ። ካሴቱን በመጠጥ ውሃው ቧንቧ ማጠብ፣ ወይም የቧንቧውን አፍ ካሴቱ ውስጥ መክተት ከእርስዎ በኋላ ለሚመጣው ሰው በሽታ መተው ነው። የመጠጥ ውሃ ጎማዎ በቀለም የተለየ ይሁን፣ ከፍሳሹ ቱቦ ጋር በአንድ ሣጥን አያስቀምጡት። ጓንት ያድርጉ። መጀመሪያ ንጹሑን ውሃ ይሙሉ፣ ፍሳሹን ከዚያ ያፍስሱ፤ በተቃራኒው ከሆነ እጅዎን በደንብ ሳይታጠቡ ጎማውን አይንኩ።

ካሴት ያላችሁ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ስትደፉት የአየር ማስገቢያዋን ቁልፍ ተጫኑ፣ አለዚያ «ጉልጉል» እያለ ሱሪያችሁ ላይ ይረጫል። ከቆላ ወደ ደጋ ከወጣችሁ ደግሞ የሽንት ቤቱን መክፈቻ ቀስ አድርጋችሁ ክፈቱ። ውስጡ የታፈነው አየር ግፊት ከውጭው ስለሚበልጥ ድንገት ሲከፈት ይተፋል።

«ነገ አፈሰዋለሁ»

የእጣቢው ታንከር ሞልቶ ሲተርፍ መጀመሪያ የሚመጣው በሻወሩ ወለል ነው። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ስለሆነ፣ መቶ ሊትር እጣቢ ጭኖ መንዳት አንድ ትልቅ ሰው በነፃ እንደ መጫን ነው። ሰው በዚህ ጊዜ ነው ቫልቩን በትንሹ ከፍቶ እየነዳ የሚያንጠባጥበው። ከኋላ ያለው አሽከርካሪ መስታወት ላይ ምን እንደሚያርፍ ያስቡት። በብዙ አገርም ያስቀጣል። ጉዞውን ሲያቅዱ ነዳጅ ማደያ እንደሚያዩት ሁሉ የማስወገጃ ጣቢያውንም ካርታ ላይ ይዩ፤ ሁለት ወይም ሦስት ቀን በማይሞላ ርቀት አንድ ይምረጡ።

ሲጨርሱ ዙሪያውን ውሃ ይርጩበት፣ ክዳኑን ይግጠሙ፣ ቫልቮቹ መዘጋታቸውን በእጅዎ ነክተው ያረጋግጡ። ከኋላዎ ተራ የያዘ ካለ ቡናዎን ሌላ ቦታ ሄደው ያፍሉ።