ለካንሰር በጎ አድራጎት ገንዘብ ስናሰባስብ የምንሠራቸው ስህተቶች

ከቤተሰብ አንዱ «ካንሰር ሊሆን ይችላል» ተብሎ የናሙና ውጤት መጠበቅ ያመነምናል። ውጤቱ ደህና ሲሆን ደግሞ ደስታው ያስሮጣል። «እኛስ ተረፍን፣ ለሌሎቹ አንድ ነገር እናድርግ» ይባልና በማግሥቱ ገንዘብ ማሰባሰብ ይጀመራል። ሐሳቡ ሸጋ ነው። ችግሩ ጥድፊያው ላይ ነው። እዚህ ጎጃም ውስጥ ደጋግሜ ያየኋቸውን ስህተቶች ልዘርዝር።

ታሪኩን ማጋነን

እናት ካንሰር አልያዛትም፤ ፖስተሩ ግን «ካንሰርን ያሸነፈች እናት» ይላል። ደብረ ማርቆስ ቢሰፋም ሰው ይተዋወቃል። ውጤቱን የሰማ ጎረቤት አይጠፋም፤ እሱ ከሰማ ደግሞ ገበያው ሁሉ ሰማ ማለት ነው። እውነቱ ይበቃል፦ እብጠት ተገኘ፣ ናሙና ተወሰደ፣ እንቅልፍ አጣን፣ ደህና ሆነ። ጡት ላይ የሚገኝ አብዛኛው እብጠት ካንሰር አይደለም። ይህን በግልጽ መናገር ራሱ ፈርታ የተደበቀችን ሴት ወደ ሐኪም ያመጣታል።

ፎቶም አለ። የእናትን ፎቶ ከሆስፒታል አልጋ ላይ አንስቶ ቴሌግራም ላይ መልቀቅ፣ ያውም ሳይጠይቋት! እናቶቻችን «ልጄ ካለ ይሁን» ይሉና በሆዳቸው ይይዙታል። ፈቃዷን ለብቻዋ ሆና ጠይቋት፤ «ተዉት» ካለች ይቅር።

ገንዘቡን በግል ሒሳብ መሰብሰብ

ከሁሉም የባሰው ይሄ ነው። አንድ ወዳጄ በእናቱ የባንክ ሒሳብ ማሰባሰብ ጀመረ። ሰንበቴ ላይ አንድ ሽማግሌ ጠላቸውን አስቀምጠው እንዲህ አሉት፦ «አንተ ልጅ፣ እናትህ ደህና ናት አሉኝ፤ እንግዲያ ገንዘቡ ለማን ነው?» ጥያቄው ተንኮል የለበትም። ቤቱ ግን ዝም አለ፤ ከዚያ በኋላ ያዋጣ ሰው አላየሁም።

ገንዘቡ በቀጥታ ወደ ድርጅቱ ሒሳብ ይግባ። አስቀድማችሁ ድርጅቱን አነጋግሩ፤ በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን መመዝገቡን አረጋግጡ፤ በስሙ እንድታሰባስቡ ደብዳቤ ጠይቁ። ሳይጠይቁ አርማውን ባነር ላይ መለጠፍ ነውር ነው። በእጅ የሚሰጥ ሰው ካለ ደግሞ የእድሩን ሥርዓት ተከተሉ፦ አንዱ ይቀበላል፣ ሌላው ይጽፋል፣ ደረሰኝ ይቆረጣል። ስም፣ ብር፣ ቀን፣ ፊርማ። የእድር ሒሳብ ያዥ አንዲት መስመር ዘሎ ቢጽፍ ምን እንደሚመጣበት ታውቃላችሁ፤ እናንተም ከዚያ አታንሱ።

«ለካንሰር» ብሎ ማለፍ

ሰው የሚሰጠው ሲገባው ነው። ስለዚህ የታማሚውን ወጪ ንገሩት። የጨረር ሕክምና በአገራችን ለረጅም ዓመታት ይሰጥ የነበረው አዲስ አበባ ባለው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር። ሕክምናው በአንድ ቀን አያልቅም፤ ብዙ ጊዜ ከሰኞ እስከ ዓርብ በየቀኑ፣ ለሳምንታት ይሰጣል። ደብረ ማርቆስ ከአዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ከቢቸና ወይም ከሞጣ የመጣች እናት እየተመላለሰች ልትታከም አትችልም። አልጋ ያስፈልጋታል፣ ምግብ ያስፈልጋታል፣ አብሯት የሚሆን ሰው ያስፈልጋታል። መድኃኒቱ ተገኝቶ በአልጋ ኪራይ ምክንያት አቋርጦ የሚመለስ አለ።

ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ፣ ልጃቸውን በሕፃንነቱ በደም ካንሰር ያጡ ወላጆች ያቋቋሙት፣ ለአቅመ ደካማ ታማሚዎች ማረፊያ በማዘጋጀት ይታወቃል። «ይህ ብር አንዲት ታማሚ ስንት ሌሊት ያሳድራል?» ብላችሁ የመረጣችሁትን ድርጅት ጠይቁና መልሱን ባነሩ ላይ ጻፉት።

ድግሱ ገንዘቡን ሲበላው

በሬ ታርዶ፣ ቲሸርት ታትሞ፣ ለክብር እንግዳ ጋቢ ተገዝቶ፣ ሲሰላ ለድርጅቱ የተረፈው የታክሲ ነው። ቡናና ዳቦ ይበቃል። (ጋቢውን የግድ ካላችሁ ሽማኔው ራሱ ይለግሰው።)

ጸበልና ሐኪም ማጣላት

መድረክ ላይ ወጥቶ «ጸበል ትታችሁ ሆስፒታል ሂዱ» የሚል ወጣት አዳራሹን ያጣዋል። ይልቅ ቄሱን ጋብዙ፤ «እየተጠመቃችሁ ታከሙ» ቢሉ ከመቶ ፖስተር ይበልጣል። ከጤና ጣቢያም አንድ ሰው ይናገር። በአገራችን ሴቶች ላይ በብዛት የሚታዩት የጡትና የማኅፀን በር ካንሰር ናቸው፤ የማኅፀን በር ካንሰርን የሚከላከለው ክትባት ደግሞ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ለልጃገረዶች እየተሰጠ ነው። ሰው ብሩን ከሰጠ በኋላ ለቤቱ የሚሆን ነገርም ይዞ ይሂድ።

ጊዜውን አለማየት

ገበሬን በነሐሴ ብር አትጠይቁት፤ ጎተራው ባዶ ነው። የመንግሥት ሠራተኛውን በመስከረም አትጠይቁት፤ የልጆች ደብተርና ዩኒፎርም ጨርሶታል። እህል ከገባ በኋላ፣ ሠርግ ሳይበዛ፣ ታኅሣሥ ላይ ይሻላል። የከተማውን አስተዳደር ፈቃድም አስቀድማችሁ ጨርሱ።

ውጭ ያለውን ዘመድ ማደናገር

በኢንተርኔት ገንዘብ የሚሰበሰብበት ጎፈንድሚ ላይ ኢትዮጵያ ሆኖ ገንዘብ ማውጣት አይቻልም። ውጭ ያለ ሰው በስሙ መክፈት አለበት፤ ስለዚህ ማን እንደከፈተ፣ ብሩስ እንዴት ለድርጅቱ እንደሚደርስ እዚያው ገጹ ላይ ይጻፍ።

ቃል የተገባውን እንደ ገባ መቁጠር

መድረክ ላይ «አምስት ሺህ!» ብሎ መጮኽ ቀላል ነው። ጭብጨባው ያሞቃል። በማግሥቱ ስልክ አይነሳም። ቃል የተገባውን ለብቻው፣ የገባውን ለብቻው ጻፉ፤ የምታውጁት የገባውን ብቻ ይሁን። ቃል የገባውን ሰው በሳምንቱ ውስጥ፣ ሙቀቱ ሳይበርድ፣ ቤቱ ሂዱና ጠይቁት። ስልክ ሳይሆን እግር ነው የሚሰበስበው። ሁሉም ሲያልቅ የድርጅቱን ደረሰኝ ፎቶ አንስታችሁ ገንዘቡን ባዋጣችሁበት ግሩፕ ልቀቁት፤ ስልክ ለሌላቸው ደግሞ እድሩ ሲሰበሰብ ይነበብ።