በትንሽ ብር ጌሚንግ ላፕቶፕ ለምትፈልጉ

ያገለገለ ላፕቶፕ ስትገዙ “ኮር አይ ሰቨን ነው” በሚል የፕሮሰሰር (የላፕቶፑ ዋና ማስሊያ) ወሬ ብቻ እንዳትሸወዱ። ለጌም ዋናው ግራፊክስ ካርዱ (ጂፒዩ)፣ ማለትም ምስሉን የሚሠራው ክፍል ነው። ታስክ ማናጀር የሚባለው የዊንዶውስ ፕሮግራም ውስጥ ፐርፎርማንስ፣ ከዚያ ጂፒዩ የሚለውን ክፈቱ፤ የካርዱ ስምና የራሱ ሜሞሪ እዚያው ይታያል። ለምሳሌ አርቲኤክስ 3050 የሚባለው ካርድ ባለ 4 ጊጋ ሜሞሪም ባለ 6 ጊጋም አለ። ዋጋው ተቀራራቢ ከሆነ ባለ 6ቱን ያዙ። ራሙ (የላፕቶፑ የራሱ ጊዜያዊ ሜሞሪ) 8 ጊጋ ቢሆንም ችግር የለም፣ መጨመሪያ ቦታ ካለው ቀስ ብላችሁ 16 ታደርሱታላችሁ። ካርዱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ቦርዱ ላይ የተበየደ ስለሆነ አይቀየርም።

እንደኛ ቱሉ ዲምቱ አካባቢ መብራት ለሚጠፋባችሁ ደግሞ፦ ከባድ ጌም በባትሪ አይታሰብም፤ ፍጥነቱ ይወርዳል፣ ቻርጁም ቶሎ ያልቃል። ለባትሪው ብላችሁ ብር አትጨምሩ። ይልቅ ሻጩ ፊት ቻርጀሩን ሰክታችሁ ለ20 ደቂቃ ያህል ከባድ ጌም ተጫወቱበት። ሻጩ ቢያጉረመርምም ታገሱ። ሲሞቅ የሚጠፋ ላፕቶፕ ያኔ ይታወቃል።