የካምፐር ቫንን ኤሌክትሪክ ወደ ሊቲየም ባትሪ እንዴት መቀየር ይቻላል?

በካምፐር ቫን፣ ማለትም ለመኖሪያ በተዘጋጀ የጉዞ መኪና፣ ውስጥ ያለውን የእርሳስ-አሲድ ባትሪ በሊቲየም መተካት የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባው ነገር፣ ባትሪውን ማንሳትና ሌላ ማስቀመጥ ከሥራው ሁሉ ቀላሉ መሆኑን ነው። ጥንቃቄ የሚጠይቁት ባትሪውን የሚሞሉት መሣሪያዎች፣ ገመዶቹና ፊውዞቹ ናቸው። ለዚህ አገልግሎት የሚመረጠው ሊቲየም አይረን ፎስፌት የሚባለው ዓይነት ሲሆን፣ ከሌሎቹ የሊቲየም ዓይነቶች የተሻለ ሙቀትን ይቋቋማል፤ አራቱ ሴሎቹ በተከታታይ ሲያያዙም 12.8 ቮልት ስለሚሰጡ ከ12 ቮልት መስመር ጋር ይስማማል።

ሥራው የሚጀምረው የቀን ፍጆታን በማስላት ነው። 45 ዋት የሚወስድ ፍሪጅ ከቀኑ ሲሶውን ቢሠራ 360 ዋት-ሰዓት ይፈጃል። 20 ዋት መብራት ለ5 ሰዓት 100፣ 60 ዋት ላፕቶፕ ለ4 ሰዓት 240፣ 30 ዋት ማራገቢያ ለ8 ሰዓት 240 ሲጨመርበት ድምሩ 940 ዋት-ሰዓት ይሆናል። ሳይሞላ ሁለት ቀን እንዲያቆይ ከተፈለገ 1880 ዋት-ሰዓት ለ12.8 ሲካፈል 147 አምፔር-ሰዓት ይመጣል፤ ከባትሪው 80 በመቶውን ብቻ ለመጠቀም ካሰብን ደግሞ ባለ 200 አምፔር-ሰዓት ሊቲየም ይበቃል። ከግማሽ በታች እንዲወርድ የማይመከረው የእርሳስ-አሲድ ባትሪ ግን ለዚሁ ሥራ 300 ገደማ ያስፈልገው ነበር።

ቀጥሎ የሚመጣው የአልተርኔተሩ፣ ማለትም በሞተሩ እየዞረ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው መሣሪያ፣ ጉዳይ ነው፤ ብዙ ሰው የሚዘነጋውም ይህንኑ ነው። የእርሳስ-አሲድ ባትሪ እየሞላ ሲሄድ የሚወስደውን አምፔር ራሱ ይቀንሳል። ሊቲየም ግን ውስጣዊ ሬዚስታንሱ እጅግ ትንሽ በመሆኑ፣ ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ የቀረበለትን ሁሉ ይስባል። ሞተሩ በሚኒሞ ሲሠራ የአልተርኔተሩ ማቀዝቀዣ በዝግታ ስለሚዞር፣ በዚያ ሰዓት ሙሉ ጭነት ሲጫንበት ሊግልና ሊቃጠል ይችላል። በዚህ ላይ ቢኤምኤስ የሚባለው የባትሪው መቆጣጠሪያ ሰሌዳ በድንገት ቢያቋርጥ፣ የሚፈጠረው የቮልት ዝላይ የአልተርኔተሩን ዳዮዶች ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ የሞተር ማስነሻውንና የመኖሪያ ክፍሉን ባትሪዎች በቀጥታ የሚያገናኘው የቀድሞው ሪሌ (ማብሪያ ማጥፊያ) ወጥቶ፣ አምፔሩን የሚገድብ ዲሲ-ቱ-ዲሲ ቻርጀር መግባት አለበት። በእኔ እምነት ለዚህ የሚወጣው ገንዘብ ሊቆጠብ የማይገባው ነው። ለአብዛኛው ቫን ባለ 30 አምፔሩ በቂ ነው።

የሶላሩም ሆነ የመስመር ኤሌክትሪኩ ቻርጀር ለሊቲየም የሚሆን ማስተካከያ እንዳለው መታየት አለበት። የሙሌት ቮልቱ ከ14.2 እስከ 14.4፣ ከሞላ በኋላ የሚቆይበት 13.5 አካባቢ ይሁን፤ ሆኖም የባትሪው አምራች የሰጠው ቁጥር ካለ እርሱ ይቀድማል። ለእርሳስ-አሲድ ተብለው የተሠሩት የማመጣጠኛና በሙቀት ልክ ቮልት የመቀያየር አሠራሮች መዘጋት አለባቸው።

ገመድ ሲመረጥ የሚታሰበው ትልቁ ጭነት ነው። 2000 ዋት ኢንቨርተር (የባትሪውን ኤሌክትሪክ ለቤት ዕቃዎች ወደሚሆን የሚቀይር መሣሪያ) ከብክነቱ ጋር ወደ 175 አምፔር ስለሚስብ፣ ርቀቱ አጭር ቢሆንም እንኳ 70 ካሬ ሚሊሜትር ገመድ ይመከራል። ፊውዝ የሚጠብቀው ገመዱን እንጂ መሣሪያውን ስላልሆነ፣ መጠኑ ገመዱ ከሚችለው መብለጥ የለበትም፤ የሚቀመጠውም በተቻለ መጠን ለባትሪው ፖዘቲቭ ቀርቦ ነው። ሊቲየም ሾርት ሲያደርግ በሺዎች የሚቆጠር አምፔር ሊለቅ ስለሚችል፣ ይህን ያህል ኃይል በአስተማማኝ ሁኔታ የሚያቋርጠው ክላስ ቲ የሚባለው ፊውዝ ተመራጭ ነው።

ሲፈታ መጀመሪያ ሞተሩ ይጠፋል፣ ሶላሩ ከቻርጀሩ ይነቀላል፣ ከዚያ ኔጌቲቩ ይፈታል፣ ፖዘቲቩ ይከተላል። ሲታሰር ደግሞ ፖዘቲቩ ቀድሞ ኔጌቲቩ በመጨረሻ ይገባል። ሁለት ባትሪዎች ጎን ለጎን (ፖዘቲቭ ከፖዘቲቭ፣ ኔጌቲቭ ከኔጌቲቭ) የሚያያዙ ከሆነ፣ አስቀድሞ እያንዳንዳቸው ለየብቻ እስከ ጫፍ ይሞሉ፤ ዋናው ፖዘቲቭ ከአንደኛው፣ ዋናው ኔጌቲቭ ከሁለተኛው ቢወጣ ጭነቱን እኩል ይካፈላሉ። የሊቲየም ቮልት በአብዛኛው የአጠቃቀም ጊዜ 13.2 አካባቢ ስለሚቆይ፣ ምን ያህል እንደቀረ ከቮልት ማወቅ አይቻልም፤ በመሆኑም ሻንት (የሚገባውንና የሚወጣውን አምፔር ለመለካት የሚያገለግል ክፍል) ያለው መቆጣጠሪያ ይገጠማል፤ ከባትሪው በስተቀር ሁሉም ኔጌቲቭ በሻንቱ ማዶ ይታሰራል።

ከ0 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች መሙላት ሴሎቹን በማይመለስ ሁኔታ ስለሚጎዳ፣ ቅዝቃዜ ባለበት ቦታ የሚጓዝ ሰው ቢኤምኤሱ በብርድ መሙላትን የሚያቋርጥ ወይም ማሞቂያ ያለው ባትሪ ይምረጥ፤ ባትሪውም ከመኪናው ወለል ውጭ ሳይሆን ውስጥ ይቀመጥ።

በመጨረሻ ኢንቨርተሩ ለግማሽ ሰዓት ያህል በከባድ ጭነት እንዲሠራ ከተደረገ በኋላ ጠፍቶ የገመዶቹ ጫፎች በሙቀት መለኪያ ይታዩ። ከሌሎቹ ተለይቶ የጋለ ጫፍ ካለ፣ በደንብ ያልታሰረ ወይም በደንብ ያልተጨመቀ ነውና ተፈትቶ እንደገና ይሠራል። የመንገድ ንዝረት ብሎኖችን ስለሚያላላ፣ ከመጀመሪያው ረጅም ጉዞ በኋላ ሁሉም ማሰሪያ አምራቹ በወሰነው ልክ በቶርክ ቁልፍ እንደገና ይጠበቅ።