ማይኩ ሲደርሳችሁ፦ ለመንገድ ጓደኛ ራስን ስታስተዋውቁ የሚሠሩ ስህተቶች

ከአዲስ አበባ ቅዳሜና እሁድ እየተሰባሰብን ተራራ የምንወጣ ሰዎች በደንብ የምናውቃት አንዲት ሰዓት አለች። ሌሊት 11 ሰዓት ተኩል ስታዲየም ጋር ተገናኝተን፣ የዘገየውን ጠብቀን፣ ኮስተሩ ከተማውን ወጥቶ ሰዉ ነቃ ነቃ ማለት ሲጀምር አስተባባሪው ማይክ ያነሳና "እሺ ቤተሰብ፣ ከፊት ወንበር እንጀምር፣ ስማችሁን፣ ጉዞ ለምን እንደምትወዱ፣ የሕይወት ፍልስፍናችሁንም ባጭሩ" ይላል። ያ አስተባባሪ እኔ ነኝ፣ ሰባት ዓመት ሊሞላኝ ነው። በዚች ግማሽ ሰዓት የሚባለው ነገር ሙሉውን ቀን ሲያሳምርም ሲያበላሽም ስላየሁ ቀላል ነገር ነው ብዬ ማለፍ አልችልም፤ ማን ከማን ጋር እንደሚራመድ፣ አንዱ ሲደክመው ማን ቆሞ እንደሚጠብቀው፣ ማታ እሳት ዳር ማን ለማን ጠጋ እንደሚልለት እዛው ነው የሚወሰነው። ስለዚህ ደጋግሜ ያየኋቸውን ስህተቶች ልጻፍላችሁ፣ በተለይ ለመጀመሪያ ጊዜ ለምትመጡት።

ዋናውና ሁሌም የሚያንገበግበኝ፣ ፍልስፍናህ ምንድነው ሲባል የሰው ጥቅስ ማንበብ ነው። አንድ ቀን ወደ ወንጪ ስንሄድ 26 ሰው ነበርን፣ "ፈጥነህ መሄድ ከፈለክ ብቻህን ሂድ፣ ሩቅ መሄድ ከፈለክ ከሰው ጋር ሂድ" የሚለውን አምስት ሰው ተናገረው፣ አምስት! አምስተኛው ልጅ ከሱ በፊት አራት ሰው እንዳለው እንኳን አልሰማም፣ ምክንያቱም ተራው እስኪደርስ ስልኩ ላይ ጥቅሱን እየፈለገ ነበር። ሁሉም "የአፍሪካ ተረት ነው" ይላሉ፣ የየትኛው አገር፣ በየትኛው ቋንቋ ስትላቸው መልስ የለም። ሌላዋ ተነስታ "ዓለም መጽሐፍ ናት፣ የማይጓዝ ሰው አንድ ገጽ ብቻ ነው ያነበበው" ትልና ቅዱስ አውግስጢኖስ ነው ያለው ትላለች፣ እሱ ከጻፋቸው ጽሑፎች ውስጥ ግን ይሄ አባባል አልተገኘም። እሺ ማን አለው የሚለውን እንተወው። አጠገብህ የተቀመጠችው ልጅ ከሦስት ሰዓት በኋላ ቁልቁለት ላይ እጅህን ልትይዝ ነው፣ ውሃ ልታካፍልህ ነው፣ አንተ ማን እንደሆንክ ማወቅ ነው የምትፈልገው፣ አንተ ደግሞ ከ1,600 ዓመት በፊት ያረፈ ሰው ታስተዋውቃታለህ። ጥቅስ እኮ ማንም ሊለው ይችላል፣ አንተ ብቻ የምትለው ነገር ነው የሚያስፈልገን።

ይሄን ሳስብ ሁሌ ትዝ የሚለኝ ወደ መናገሻ ሱባ የሄድን ቀን ነው። አንድ ወጣት ማይኩን ተቀብሎ "እኔ የዘርዓ ያዕቆብ ተከታይ ነኝ" ብሎ ጀመረ፣ ልቦና፣ ምርመራ፣ የነጻ አስተሳሰብ፣ ሰባት ስምንት ደቂቃ ሄደ። ጫካው ደርሰን አስጎብኚው "እነዚህን የጽድ ዛፎች ዘርዓ ያዕቆብ ከወፍ ዋሻ ዘር አስመጥቶ እንዳስተከላቸው ይነገራል" ሲል ልጁ ደስ ብሎት "አያችሁ፣ የኛ ፈላስፋ!" አለ። አስተከሉ የሚባሉት ንጉሡ አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ናቸው፣ እ.ኤ.አ. ከ1434 እስከ 1468 የነገሡት፣ ፈላስፋው ደግሞ የ17ኛው ክፍለ ዘመን ሰው ነው። ሰዉ ዝም አለ፣ ልጁም ፊቱ ተለዋወጠ፣ በጣም አሳዘነኝ። ምሳ ላይ አብረውን የመጡ አንዲት ጡረታ የወጡ መምህርት ሄደው አጠገቡ ተቀመጡና "ልጄ፣ ፈላስፋው እኮ ከአክሱም ሸሽቶ ሁለት ዓመት ዋሻ ውስጥ ብቻውን ያሰበ ሰው ነው፣ አንተስ ብቻህን ሆነህ የምታስብበት ቦታ አለህ?" አሉት። ልጁ ትንሽ ቆየና አባቱ በሕይወት እያሉ እሁድ እሁድ እንጦጦ ይዘውት ይወጡ እንደነበር፣ ከሞቱ ወዲህ ብቻውን በዛው መንገድ እንደሚወጣ፣ አባቱ ያርፉባት የነበረች ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ ፀሐይ እስክትወጣ እንደሚጠብቅ ነገራቸው። ዙሪያው የነበርነው ሁላችን መብላት አቁመን ነበር የምንሰማው። ሲመለስ ብቻውን አልሄደም። ጠዋት ማይክ ላይ ይሄን ቢል ኖሮ ብዬ እስከ ዛሬ እቆጫለሁ።

ደግሞ ፈላስፋውን ከወደዳችሁት አጀማመሩን እዩት። በስሙ የሚታወቀውን ጽሑፍ እሱ ጻፈው አልጻፈውም ብለው ሊቃውንት ይከራከራሉ፣ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው፣ ግን እዛ ጽሑፍ ላይ ሰውየው ወደ ምርመራው ከመግባቱ በፊት የት እንደተወለደ፣ አባቱ ድሃ ገበሬ እንደሆኑ፣ መቼ ተወልዶ የት እንደተማረ ነው የሚነግረን። ከዛ ከማን እንደሸሸ፣ ትንሽ ወርቅና ዳዊቱን ይዞ እንደወጣ፣ ዋሻውን እንዴት እንዳገኘው። መንገዱን ከሰማህ በኋላ ሐሳቡ ከየት እንደመጣ ይገባሃል። እናንተም እንደዛ አድርጉት፣ መጀመሪያ መንገዱ፣ ሐሳቡ ከኋላ ይምጣ።

ከዚሁ ጋር "እኔ የዓለም ዜጋ ነኝ" የምትለዋም አለች። የጥንቱ የግሪክ ፈላስፋ ዲዮጋንስ ነው ይህን ያለው ይባላል፣ ከየት ነህ ተብሎ ሲጠየቅ። ግን ሰውየው ከተወለደባት ከሲኖፕ ተሰዶ የወጣ ነው፣ አገሩን ያጣ ሰው መልስ ነች፣ ክብደት አላት። ቪዛ ጠይቆ የማያውቅ ሰው ሲላት ግን ያው ቃሉ ነው እንጂ ክብደቱ የለም።

ሁለተኛው አገር መቁጠር ነው። "17 አገር ሄጃለሁ፣ ዱባይ፣ ባንኮክ፣ ኢስታንቡል..." በጣም ጥሩ፣ ግን ከቁጥሩ ቀጥሎ ምን አለ? አንዴ እንዲህ ዓይነት ሁለት ሦስት ሰው ተከታትለው ከተናገሩ በኋላ ማይኩ አንዲት ልጅ ጋር ደረሰ። በጣም ቀስ ብላ "እኔ አንድ አገር ነው የሄድኩት፣ ጂዳ ስምንት ዓመት ሰው ቤት ሠርቻለሁ፣ ከተማውን የማውቀው በኩሽናው መስኮት ነው፣ እዛ ሆኜ ስመለስ በእግሬ እሄዳለሁ እል ነበር፣ ለዛ ነው የመጣሁት" አለች። የዛን ቀን ጉዞ ለምን እንደሚወደድ ከሷ በላይ የነገረን ሰው የለም። እና ብዙ አልተጓዝኩም ብላችሁ የምታፍሩ ልጆች፣ እባካችሁ አትፈሩ። ጀርመናዊው ፈላስፋ አማኑኤል ካንት እኮ ከተወለደባት ከተማ ከኮኒግስበርግ አካባቢ ርቆ ሳይሄድ ነው ኖሮ የሞተው፣ ግን 40 ዓመት ገደማ ተማሪዎቹን የዓለምን ጂኦግራፊ አስተምሯል። ማወቅ መፈለጉ ነው ቁም ነገሩ።

የሥራ ማዕረግ መደርደር፣ ተዉት። ተራራው ላይ ሥራ አስኪያጅ የለም።

"ቱሪስት አይደለሁም፣ እኔ ተጓዥ ነኝ" ማለትም እንደዛው። ሁላችንም እዛ መንደር ስንደርስ እንግዶች ነን።

ቀጥሎ ያለው ስሱ ነገር ነው። "የት አገር ልጅ ነህ? አባትህስ? አይ ስምህ እኮ የነሱ ይመስላል" እያሉ ማይክ የያዘን ሰው መመርመር። ድሮ መንገደኛ ሲገናኝ "ከወዴት ነው?" ይባባል ነበር፣ የጋራ ዘመድ ይገኝ እንደሆነ፣ መንገዱ ሰላም መሆኑን ለመስማት፣ ደስ የሚል ነገር ነበረው። አሁን ግን ያው ጥያቄ ሰው ጆሮ ውስጥ ሌላ ሆኖ ነው የሚገባው፣ ለምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። አንድ ጊዜ ከኋላ ወንበር እንዲህ ተጠይቃ አንዲት እህት ማይኩን ሳትመልስ ለጎረቤቷ አቀበለች፣ ቀኑን ሙሉ ከማንም ጋር አላወራችም፣ ከዛ ወዲህም መጥታ አታውቅም። አላስቆምኩትም። ማስቆም የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። አሁን ከመጀመሪያው "ያደገበትን ሰፈር መናገር የፈለገ ይናገር፣ ጥያቄ ግን የለም" እላለሁ።

አሁን ደግሞ በፍልስፍና ስም ድክመትን መደበቅ። ይሄ ከሁሉም አደገኛው ነው። በ2010 ዓ.ም. ስሜን ተራሮች ሄድን፣ ደባርቅ ገብተን ከዛ ሳንቃበር፣ ግጭ፣ ጨነቅ እያልን። ከመሃላችን አንዱ ገና ስንተዋወቅ "ተራራ ማለት እኔ ነኝ፣ ስቃይ ነው ሰውን የሚሠራው፣ የኔ ፍልስፍና አለማጉረምረም ነው" ብሎ ነበር፣ እኛም አምነነዋል። ከጨነቅ ወደ ቧሂት ስንወጣ፣ ጫፉ ከ4,400 ሜትር በላይ ነው፣ ልጁ ከኋላ መቅረት ጀመረ፣ ደህና ነህ ሲሉት ደህና ነኝ፣ ውሃ ጠጣ ሲሉት ጠጥቻለሁ። ለካ ከማታ ጀምሮ ራሱን እየፈለጠው፣ ሁለት ጊዜ አስመልሶት፣ ለማንም አልተናገረም፣ ምክንያቱም አለማጉረምረም ነዋ ፍልስፍናው። ስካውታችን፣ አብሮን የሚሄደው የፓርኩ ታጣቂ ጠባቂ፣ ነው እንደ ሰካራም ሲንገዳገድ ያየውና "ይሄ ልጅ አሁኑኑ መውረድ አለበት" ያለው። ደግፈን አወረድነው፣ ዝቅ ሲል ተሻለው፣ ግን ትንሽ ብንዘገይ ምን ይሆን ነበር ብዬ ሳስብ አሁንም ይሰቀጥጠኛል። አዲስ አበባ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለምንኖር ከፍታ ለምደናል ብለን እናስባለን፣ 4,400 ግን ሌላ ነው፣ ጎበዝና ሰነፍም አይለይም። ስለዚህ ስታስተዋውቁ ጉልበቴን ያመኛል፣ ገደል አፋፍ ያዞረኛል፣ አስም አለብኝ፣ ቀስ ብዬ ነው የምሄደው፣ ይሄን በሉ። ለአብሮ ተጓዥ ከዚህ የበለጠ የሚጠቅም መግቢያ አላውቅም። "እኔ ቀርፋፋ ነኝ" ያለች ልጅ ሁሌ ሌላ ቀርፋፋ ታገኛለች፣ አብረው ያዘግማሉ፣ ብዙ ጊዜ ወፉንም ቀበሮውንም የሚያዩት እነሱ ናቸው።

የኔንም ልናገር። አስተባባሪ ከመሆኔ በፊት ወደ መንዝ ጓሳ ሄጄ ነበር፣ በደብረ ብርሃን በጣርማ በር አድርገን፣ ለሦስት ቀን። ያን ጊዜ ስለ ብቸኝነት ብዙ አነብ ነበርና ማይኩ ሲደርሰኝ "እኔ ጉዞ የምወደው ብቻዬን ለመሆን ነው፣ ጸጥታ ነው ፍልስፍናዬ" አልኩ። ሰዎቹ ጨዋ ስለነበሩ ያልኩትን አከበሩልኝ። ማንም አልረበሸኝም። ማታ ላይ የጓሳ ብርድ አጥንት ድረስ ሲገባ፣ እነሱ እሳቱን ከበው በሶ እየበጠበጡ ሲሳሳቁ፣ እኔ ድንኳን ውስጥ ሆኜ አንድ ሰው "ና እንጂ" እንዲለኝ እጠብቅ ነበር። የጠራኝ የለም፣ አትጥሩኝ ብያለሁ እኮ። ለመጥራት ያህል እንኳን በር መተው እንደሚያስፈልግ ያኔ ነው የገባኝ። አሁን ዝምተኛ ልጅ ሲመጣ "ዝም ማለት እወዳለሁ ግን ማታ ላይ ጥሩኝ" በል እለዋለሁ።

ትንንሾቹን ልጥቀስና ልለፍ። ማይክ ይዞ ከሁለት ደቂቃ በላይ አለመቆየት። ሰው ራሱን ሲያስተዋውቅ ሳያስፈቅዱ ቪዲዮ አለመቅረጽ። የሃይማኖት ክርክር ሌሊት 12 ሰዓት ላይ አለመክፈት፣ ሰው ገና ቁርሱን አልበላም። "ነጠላ ነኝ" የሚለው ከስም ቀጥሎ ባይመጣ ጥሩ ነው። የሌላውን ስም ስሙ፣ ካልሰማችሁ እንደገና ጠይቁ፣ ነውር አይደለም።

የመጨረሻው ሁላችንም የምንሠራው ነው። እርስ በርስ ተዋውቀን፣ ተጨብጭቦ፣ ማይኩ ይጠፋል፤ ሹፌሩ፣ ረዳቱ፣ ስካውቱ፣ ባለ በቅሎው ግን ስማቸውን የጠየቃቸው የለም። እኔም እንደዛ ነበርኩ። ያ ስሜን ላይ ልጁን ያተረፈልን ስካውት፣ ሽማግሌ ናቸው፣ ጠመንጃቸውን አንግተው በኮንጎ ጫማ ከፊት ከፊታችን ሲሄዱ አራት ቀን "ጋሼ" እያልኩ ብቻ ነው የጠራኋቸው። ጨነቅ ላይ የመጨረሻዋ ማታ ሻይ ይዤላቸው ሄድኩና አፍሬ ስማቸውን ጠየቅኳቸው። ነገሩኝ። ከዛ የእኛን አሥራ አንዳችንን ስም አንድ በአንድ ጠሩልኝ፣ ማን ጉልበቱን እንደሚያመው፣ ማን ሌሊት እንደሚበርደው ጨምረው። ከመጀመሪያው ቀን ሳንቃበር ላይ ስንተዋወቅ ቆመው ሰምተው ነበር። እርሶስ ወጥተው ያውቃሉ ወይ፣ ሩቅ አገር ሄደዋል ስላቸው "ካገር የወጣ አገሩ እስኪመለስ፣ ቢጭኑት አህያ ቢለጉሙት ፈረስ፣ እኔም ወታደር ሆኜ አይቼዋለሁ፣ ለዛ ነው መንገደኛ የሚያሳዝነኝ" አሉኝ።

ከዛ ወዲህ ማይኩን መጀመሪያ የምሰጠው ለሹፌሩ ነው፣ ሳንነሳ፣ መኪናው ቆሞ እያለ። ባለፈው ወደ ወንጪ ስንሄድ ሹፌራችን ማይኩን ይዞ ትንሽ አመነታና "ወንጪ ብዙ ጊዜ ሰው አድርሻለሁ፣ ግን ሐይቁ ድረስ ወርጄ አላውቅም፣ ሁሌ መኪና ጠባቂ ነኝ" አለ። ስንደርስ ረዳቱ "እኔ እጠብቃለሁ፣ እኔ አይቼዋለሁ" አለው፣ እና አብሮን ወረደ። ጀልባው ላይ ከፊት ነው ያስቀመጥነው።